ከጣና ዳር፦ በየኔታ ጉባኤ ቤት የሰነበትንባቸው ቀናት

ሐሙስ፣ ኅዳር 16

ዛሬ ኪዳነ ምሕረት ናት። የጽዋ ማኅበራችንም ቀን ነው። አዲስ አበባ ብንሆን ኖሮ ይሄኔ ከአንዳችን ቤት ተሰብስበን ጸበል ጸዲቅ እየቀመስን ነበር። ዘንድሮ ግን የኅዳር ጽዋችን ባህር ዳር ላይ ሆነ።

ነገሩ የተጀመረው ክረምት ላይ ነው። አንዱ ማኅበርተኛችን ለሥራ ወደዚህ መጥቶ በጣና ዳር ያለ አንድ የአብነት ትምህርት ቤት አይቶ ተመለሰ። ልጆቹን እከክ ፈጅቷቸዋል አለን። ሌሊት እንቅልፍ የላቸውም፤ ሲያኩ ያድራሉ፤ ጠዋት ደግሞ ዓይናቸው እየተከደነ ቀለም ይቀጽላሉ። ለየካቲቱ ዓመታዊ ድግስ የምናዋጣውን ብር ለእነዚህ ልጆች እናውለው የሚል ሐሳብ ተነሳ። ክርክሩ ቀላል አልነበረም። «ድግሱኮ የእመቤታችን ነው፤ እንዴት ይቀራል?» ያሉ ነበሩ። ነገሩን የቋጩት የማኅበራችን ሙሴ፣ መሪያችን፣ ናቸው። «በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ደጅ የሚቆመው ልጅ በማን ስም የሚለምን መሰላችሁ?» አሉ። ከዚያ በኋላ የተከራከረ የለም።

ከመካከላችን ሁለት ነርሶች አሉ። አንድ የቧንቧ ሠራተኛ አለ። መምህራን አሉ። የቀረነው ጉልበት ነን። ከሁሉ አስቀድመን ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ጻፍን። የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አብራን እንድትሠራ ተደረገ። መድኃኒቱም ለተማሪዎቹ ብቻ ሳይሆን ለአካባቢው ቤተሰብም እንዲበቃ አድርገን እንድናመጣ የነገረችን እሷ ናት። እንዲህ ያለ ጉዞ የምታስቡ ካላችሁ፣ እባካችሁ ከዚህ ጀምሩ። እኛ ሄደን እንመለሳለን። እዚያ የምትቀረው እሷ ናት።

ስለ መንገዱ ብዙ አልልም። በዓባይ በረሃ ወርዶ፣ በደብረ ማርቆስ፣ በቡሬና በእንጅባራ አድርጎ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ትናንት ማታ ገባን። ዛሬ ጠዋት ቅዱስ ጊዮርጊስን ተሳልመን ቀኑን ገበያ ዋልን። ብርድ ልብስ፣ የልብስ ሳሙና፣ የገላ ሳሙና፣ ባዶ በርሜል፣ ትልልቅና ወፍራም ፌስታል። የፌስታሉን ነገር ነገ እነግራችኋለሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 17

ገና ሳይነጋ ወደብ ደረስን። ጣና ላይ ማለዳ መሄድ ይሻላል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል፤ ማዕበሉም ዕቃ ለጫነ ጀልባ አይመችም። ውሃው እንደ መስታወት ተኝቶ ነበር። ከደንገል በተሠራች ታንኳ አንድ ዓሣ አስጋሪ ብቻውን እየቀዘፈ አለፈን። እጁን ለሰላምታ ሲያነሳ እንኳ ታንኳዋ አልተንቀሳቀሰችም።

ዘጌን በስተግራ አየናት። ከሩቅ ደን ብቻ ነው የሚታየው። ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም፣ ሌሎቹም ገዳማት እዚያ ደን ውስጥ ናቸው። በዘጌ አይታረስም። አቡነ በትረ ማርያም በቡና፣ በጌሾና በሎሚ እንዲተዳደሩ ለሕዝቡ ቃል ኪዳን ተቀብለዋል ተብሎ ይታመናል። ሕዝቡም ይህን ጠብቆ እስከ ዛሬ አለ። ዙሪያው ሁሉ ዛፍ አልቆ የእነሱ ደን ያልጠፋው በዚህ ነው። ባለ ጀልባው የዘጌ ልጅ ነው። «ቡና ለቀማው ላይ ናቸው አሁን» አለን፤ ድምፁ ውስጥ ናፍቆት ነበረበት።

እኛ የወረድንበት መንደር ከዘጌ አልፎ ነው። ስሙን አልጽፈውም። የኔታ «ስማችን ለምጽዋት አይነሳ» ስላሉ ነው። አንዲት የማርያም ቤተ ክርስቲያን አለች። ክብ ናት፣ በትልልቅ ዋርካዎች የተከበበች። ከቅጥሩ ውጭ፣ ወደ ሐይቁ በሚወርደው ተዳፋት ላይ፣ ጎጆዎች ተደርድረዋል። ከጭቃና ከሣር የተሠሩ ናቸው። የሠሩት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። በአንዷ ውስጥ አራትም አምስትም ልጅ ያድራል። በሯ ጎንበስ ካላሉ አታስገባም። ወለሉ ሣር፣ በላዩ ደበሎ። ሌላ ዕቃ የለም ማለት ይቻላል፤ አኩፋዳ፣ ውሃ መቅጃ ቅል፣ ለውሻ የሚሆን ዱላ።

ተማሪዎቹ ወደ 60 ይጠጋሉ። ትንንሾቹ ፊደል ቆጥረው መልእክተ ዮሐንስ ላይ ያሉ ናቸው። መካከለኞቹ ዳዊት ይደግማሉ። ትልልቆቹ ቅኔ ቤት ናቸው። ከፍ ያለው ዝቅ ያለውን ያስተምራል፤ አንድ መምህር ይህን ሁሉ ልጅ የሚያዳርሰው በዚህ ነው። አብዛኛው ከሩቅ የመጣ ነው። ከቤቱ ጠፍቶ የመጣም ብዙ ነው። አንዱን ትንሽ ልጅ «እናትህ ያለህበትን ታውቃለች?» አልኩት። «ስመለስ ታውቃለች» አለኝ። ዕድሜው ዐሥር ቢሆን ነው።

ሥራው ዛሬውኑ መጀመር ነበረበት። ነገ ቀዳሚት ሰንበት ስለሆነ እዚህ ልብስ አይታጠብም። ነርሶቻችን ይህን አስቀድመው ያውቁ ስለነበር እንደደረስን እሳት አነደድን። ከሐይቁ በጀሪካን እየቀዳን ሁለት በርሜል ሞላን። የእከክ ሕክምና እንዲህ ነው፦ ሰውየው ተቀብቶ ልብሱ ካልተቀቀለ ድካሙ ከንቱ ነው። ጎጆ ውስጥ አንድ ልጅ ሳይቀባ ከቀረም ከንቱ ነው። ምልክት ያልታየበትም መቀባት አለበት። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው ማሳከክ እስኪጀምረው አንድ ወርና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል፤ እስከዚያው ግን ለሌላው ያስተላልፋል።

ልብሱ ገብቶ ተቀቀለ። ችግሩ ደበሎው ነው። የበግ ቆዳ አይቀቀልም። ቢቀቀል ይኮማተራል፣ ይበላሻል። ፌስታሉ የመጣው ለዚህ ነው። የእከኩ ተባይ ከሰው ገላ ከተለየ ከ2 እስከ 3 ቀን ነው የሚቆየው። ስለዚህ ደበሎው በፌስታል ታስሮ እስከ ማክሰኞ ይቀመጣል፤ እስከዚያ ልጁ በአዲሱ ብርድ ልብስ ይተኛል። በቃል ሲነገር ቀላል ነው። ልጆቹ ግን ደበሏቸውን አንሰጥም አሉ። አልጮኹም፣ አልተከራከሩም። ዝም ብለው ያዙት። ደበሎ ለቆሎ ተማሪ ልብሱም፣ አልጋውም፣ የዝናብ ልብሱም ነው። ብዙዎቹ ከቤት ሲወጡ የያዙት ብቸኛ ንብረት እሱ ነው። የማናውቃችሁ ሰዎች መጥታችሁ አምጡ ስትሉን ለምን እንሰጣለን ቢሉ እውነት አላቸው።

ነርሷ ልታስረዳ ስትጀምር የኔታ በእጃቸው አቆሟት። ወደ ጎጇቸው ገቡ። የራሳቸውን ደበሎ ይዘው ወጡ። ያረጀ ነው፣ ጠጉሩ አልቆ ቆዳው ብቻ ቀርቷል። አጣጥፈው ፌስታሉ ውስጥ ከተቱና «እሰሪው ልጄ» አሏት። ሌላ ቃል አልተናገሩም። ከዚያ ልጆቹ አንድ በአንድ መጡ።

ማታ ቅባቱ ተቀባ። ቢቢኤል ይባላል፤ ይቆጠቁጣል፣ ሽታውም ከባድ ነው። ከአንገት እስከ እግር ጥፍር፤ በጣቶች መሃል፣ በብብት፣ በእምብርት ዙሪያ አይዘለልም። ለትንንሾቹ በውሃ ይቀጠናል። ነርሶቹ እኛንም ቀቡን፤ አንድም ሰው አይዘለልም ካልን ያው አይዘለልም። ልጆቹ ልብሳቸው ገመድ ላይ ተሰጥቶ፣ አንድ ዓይነት ብርድ ልብስ ተከናንበው እሳቱን ከበቡ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 18

ትናንት ያደርነው በየሰው ቤት ተከፋፍለን ነው። እኔና አንዷ ነርስ የደረሰን አንዲት እማሆይ ቤት ነው። ገና ስንገባ እግራችንን ካላጠብኩ ብለው ያዙን። በዕድሜ እናታችንን የሚበልጡ ናቸው። እምቢ ማለት ስድብ ስለሚሆን ተቀመጥን። በሞቀ ውሃ አጥበው፣ በነጠላቸው ጫፍ አድርቀው፣ ጉልበታችንን ስመው ተነሱ። የዳጉሳ እንጀራ በሽሮ ቀረበ። ነቢያት ጾም ስለሆነ ዘይትም በጥቂቱ ነው። ቡናው የዘጌ ነው፣ በጨው።

ዛሬ ሥራ የለም። ሰንበት ነው። ነርሶቹ ብቻ እየዞሩ ልጆቹን አዩ። እንደተጠበቀው ማሳከኩ አልቆመም፤ ተባዩ ከሞተ በኋላም ለሳምንታት ሊያሳክክ ይችላል። ይህን ካልነገሩ ሰው መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ይተወዋል።

ረፋዱ ላይ ከአንድ የቅኔ ተማሪ ጋር ለቀፈፋ ወጣሁ። ፈቃድ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ዝም ብለህ ከኋላዬ ቁም አለኝ። በየደጁ ይቆማል። «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ውሻው ይመጣል፤ ዱላውን ያነሳል እንጂ አይመታም። ከውስጥ የእንጀራ ቁራሽ ይመጣል፣ ወይም እፍኝ ቆሎ፣ ወይም «እግዜር ይስጥህ» የሚል ድምፅ። ለሁለቱም እኩል እጅ ይነሳል። ቁራሹ አኩፋዳ ውስጥ ይገባል። የተረፈው ደርቆ ድርቆሽ ይሆንና ለክፉ ቀን ይቀመጣል። ይህ ልጅ ቀን ሲለምን የዋለው አፍ ነው ማታ ቅኔ የሚያወርደው።

እያንዳንዱን ደጅ ያውቀዋል። የትኛዋ ቤት ልጅ እንደታመመ፣ የማን ላም እንደሞተች፣ ማን አራስ እንደሆነች። አንዲት ደጅ ላይ ሳይቆም አለፈ። «ለምን?» አልኩት። «እሷ ካየችኝ ሳትሰጠኝ አትሆንም። ለልጆቿም የላት» አለኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 19

ሌሊት 9 ሰዓት ተነስተን ቤተ ክርስቲያን ገባን። ጨለማ ነው፤ ጧፍ ብቻ። ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው ላይ ጋበዙን። ደጀ ሰላሙ ውስጥ በረድፍ ተቀመጥን። ዳቦ፣ ንፍሮ፣ ጠላ። ሴቶቹ በአንድ ወገን፣ ወንዶቹ በአንድ ወገን። እኔ ከሴቶቹ ጫፍ ላይ ነበርኩና ወሬ ጀመርን።

ከመምጣታችን በፊት ጥያቄያችን ሁሉ ስለ ትምህርት ቤቱ ነበር። የኔታ ስንት ዓመት አስተማሩ? ስንት ጎጆ አለ? ማን ይረዳቸዋል? ለሦስተኛው ጥያቄ የጠበቅነው መልስ ገዳም ወይም ድርጅት ነው። መልሱን ያገኘሁት ሰንበቴ ላይ ነው። ያ ጉባኤ ቤት የቆመው በእነዚህ ሴቶች ጓዳ ነው። ወደ 60 ልጅ በየቀኑ የሚበላው ከእነሱ መሶብ ነው። ማንም አላስገደዳቸውም፣ ማንም አይመዘግብላቸውም። ጠዋት ሲጋግሩ የተማሪውን ለይተው ያስቀምጣሉ።

አጠገቤ የተቀመጡትን እትዬ «አይከብድም?» አልኳቸው። የራሳቸው አምስት ልጆች አሏቸው። መሬታቸው ጠባብ ነው፣ ዘንድሮ ዳጉሳው ደህና ቢሆንም። ፈገግ አሉ። «የኔም ትልቁ ልጅ ተማሪ ነው እኮ። ዋሸራ ወርዶ ቅኔ ይማራል። እዚህ ለሰው ልጅ ካልሰጠሁ እዚያ ለኔ ልጅ ማን ይሰጠዋል?»

ይህን ከሰማሁ በኋላ ሌላ ነገር አልታየኝም። ጎጃም ውስጥ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ሌሎችም የቅኔ አገሮች ስማቸው ሲነሳ የሚጠራው መምህሩ ነው። ይገባልም። ነገር ግን አንዲት እናት እዚህ የቆረሰችው እንጀራ፣ ሌላዋ እናት እዚያ ከምትቆርሰው ጋር ሳይተዋወቅ ተያይዞ፣ አገር ሙሉ ተማሪ ሲያሳድግ ኖሯል። ሊቃውንቱ ሁሉ በዚህ እንጀራ ያደጉ ናቸው። እኛ ደግሞ ከአዲስ አበባ ተነስተን ስንመጣ ስለ እነዚህ ሴቶች አንድም ጥያቄ አልያዝንም ነበር።

«እናንተስ ምን ይቸግራችኋል?» ብዬ ጠየቅሁ። ለእንግዳ ችግር መንገር ነውር ነውና ዝም አሉ። ቆይታ አንዲት ወጣት፣ ሕፃን ያዘለች፣ «ውሃው» አለች። ሌሎቹም እሷን ተከትለው ተናገሩ። የእጅ ፓምፕ ያለው ጉድጓድ አላቸው። ከክረምት ጀምሮ ውሃ አልሰጥ ብሏል። ስለዚህ ሁሉም ወደ ሐይቁ ወርዷል፤ ለመጠጥም፣ ለልብስም፣ ለገላም።

ነርሶቻችን ተያዩ። ጣና ዳር ብልሃርዝያ እንዳለ ይታወቃል። ከቀንድ አውጣ የሚወጣው ጥቃቅን ነገር ውሃ ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። መጠጣት እንኳ አያስፈልገውም፤ እግርን መንከር ይበቃዋል። ልብስ የምታጥብ ሴት፣ ውሃ የሚቀዳ ተማሪ፣ ሲዋኝ የሚውል ሕፃን፣ ሁሉም ከዚያው ነው የሚገናኙት። የጤና ኤክስቴንሽኗ ይህን ስታስተምር ኖራለች። ሰውም ሰምቷል። ግን ፓምፑ ከተበላሸ «ሐይቅ አትግቡ» ማለት «ውሃ አትቅዱ» ማለት ነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 20

ዛሬ ለሁለት ተከፈልን።

ነርሶቹና የጤና ኤክስቴንሽኗ ቤት ለቤት ዞሩ። ተማሪው በየደጁ ይቆማል፣ ከልጆቹ ጋር ይጫወታል፣ በዝናብ ቀን ገብቶ ይጠለላል። እከኩም አብሮ ይዞራል። ጉባኤ ቤቱን ብቻ አክመን ብንሄድ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሁሉም ነገር ወደነበረበት ይመለስ ነበር። በየቤቱ ሲገቡ እናቶቹ መጀመሪያ ልጆቻቸውን አቀረቡ፤ የራሳቸውን እጅ ያሳዩት በስንት ልመና ነው። አንዷ ጣቶቿ መሃል ቆስሎ ሊጥ ማቡካት እያቃታት ነበር። ያንኑ ሊጥ ነው ለተማሪው የምትጋግረው። ነርሷ ስለ ሐይቁም አንድ ነገር ነገረቻቸው፦ ለገላና ለልብስ የተቀዳ ውሃ ሁለት ቀን ተከድኖ ከተቀመጠ ብልሃርዝያው ይሞታል። ለመጠጥ ግን ይፈላ።

እኛ ወደ ፓምፑ ሄድን። የውሃ ኮሚቴው ገንዘብ ያዥ አንዲት ሴት ናት። ቁልፉን በአንገቷ አንጠልጥላ መጣች። ኮሚቴው ከየቤቱ በየወሩ ያሰባሰበው ገንዘብ አለው፤ በደብተር ተጽፏል፣ አንድም ብር አልጎደለም። የጎደለው ዕቃውን የሚያውቅ ሰው ነው። የቧንቧ ሠራተኛችን ክዳኑን ፈታና ዘንጉን ስቡ አለ። ወንዶቹ ወደ አውድማ ሄደው ነበርና የሳቡት ሴቶቹ ናቸው። ዘንጉ እየተፈታ አንድ በአንድ ወጣ። ከታች ያለው ጎማ አልቋል፤ ጫፉ ተበልቶ ክር መስሏል። «ይሄው ነው በቃ» አለ። አንዲት ጎማና አንዲት ቫልቭ። ከክረምት ጀምሮ ይህን ሁሉ ሰው ሐይቅ ያወረደው ይህ ነው። ባህር ዳር ይገኛል።

የዕቃውን ገንዘብ እኛ እንክፈል አልን። ገንዘብ ያዧ አልተስማማችም። «ገንዘቡ ለዚሁ የተዋጣ ነው። እናንተ ትክክለኛውን ዕቃ ምረጡልን» አለችና ቆጥራ ሰጠችን። በደብተሯም አስፈረመችን። ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ኮሚቴ ያለበት ቦታ የለጋሽ ሥራ ከኋላ መከተል ነው።

ማታ የኔታ ጋ ቅኔ ሲነገር ሰማን። ተማሪዎቹ ቀን ቀን በየዛፉ ሥር ተበታትነው ሲያወጡ ሲያወርዱ የዋሉትን ይዘው ይመጣሉ። ጀማሪው በጉባኤ ቃና ነው የሚጀምረው፤ ሁለት ቤት ብቻ ናት። ከዚያ ዘአምላኪየ፣ ሚበዝኁ እያለ ይወጣል። መወድስ ሲደርስ ስምንት ቤት ነው። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ሲሰበር ጣታቸውን ያነሳሉ። አንዱ፣ ጢሙ ገና ያላበቀለ ልጅ፣ በአዲሱ ብርድ ልብስ ላይ ቅኔ ቆጠረ። ኤልያስ ሲያርግ ለኤልሳዕ የጣለለትን መጎናጸፊያ አምጥቶ ከእኛ ብርድ ልብስ ጋር አገናኘው። እኛ በጭብጨባ ልንፈርስ ነበር። የኔታ ግን ጣታቸውን አነሱ። ሁለተኛው ቤት ላይ ልኩ ጎድሏል። ልጁ አልተከፋም። ብርድ ልብሱን አንከብክቦ ወጣና እያጉተመተመ ወደ ጨለማው ሄደ። ከቆይታ በኋላ ተመልሶ አቃንቶ ተናገረው። ያን ጊዜ የኔታ «ይበል» አሉ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 21

ጽዮን ማርያም። የደብሩም ክብረ በዓል ነው። ማኅሌቱ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ተቆመ። ካህናቱ በሁለት ወገን ተሰልፈው፣ ጸናጽሉ አንዴ ዝቅ አንዴ ከፍ እያለ፣ መቋሚያው እየተወዛወዘ፣ ከበሮው መጀመሪያ ቀስ ብሎ በኋላ እየፈጠነ። የቅኔ ተማሪዎቹ ቆመው ተቀበሉ። ትንንሾቹ ግድግዳ ተደግፈው እንቅልፍ ጣላቸው። እንቅልፍ! ነርሷ ክንዴን ነክታ አሳየችኝ። አንድም የሚያክ ልጅ የለም። ዓርብ ዕለት ሲያኩ ያየናቸው ልጆች ናቸው እዚያ ከበሮ አጠገብ ድርግም ብለው የተኙት። ገና አልዳኑም፤ ሁለተኛው ዙር ቅባት ይቀራል፣ ኤክስቴንሽኗ ትቀጥላለች። ቢሆንም አለቀስኩ።

ከቅዳሴ በኋላ ታቦተ ማርያም ወጥታ ዑደት ተደረገ። ሴቶቹ እልል ሲሉ ሐይቁ መልሶ ያስተጋባል። ጸበል ጸዲቁ ከተቀመሰ በኋላ ደበሎዎቹ ከፌስታል ወጥተው ፀሐይ ላይ ተሰጡ። እያንዳንዱ ልጅ የራሱን በጠረኑ፣ በቀዳዳው ለየው። የኔታም የራሳቸውን ትከሻቸው ላይ ጣሉ። ብርድ ልብሱን መልሱ የሚላቸው የመሰላቸው ትንንሾች ነበሩ። የእናንተ ነው ስንላቸው አላመኑንም፤ የኔታን ጠየቁ።

ስንሰነባበት የኔታ መረቁን። ምርቃታቸው ረጅም ነው። ለእናቶቻችን፣ ለአባቶቻችን፣ ለሞቱብን ሳይቀር። ከመረቁ በኋላ አንድ ነገር ጠየቁ። ለራሳቸው አይደለም። «ስትመለሱ ለሴቶቹ ነገር ይዛችሁ ኑ። እኔን የሚያበላኝ ብዙ ነው፤ እነሱን ማን ያያቸዋል?» አሉ። እትዬ ከኋላ ቆመው ነበር። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ፊታቸውን ዞር አደረጉ።

ነፋሱ ሳይነሳ ጀልባው ተነሳ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 22

ባህር ዳር። ማኅበርተኞቹ የመልስ አውቶቡስ ትኬት ሲይዙ እኔና የቧንቧ ሠራተኛችን ዕቃ ፍለጋ ዞርን። የሃርድዌር መደብሮችን አንድ በአንድ አዳረስን። መጀመሪያ ያገኘነው ጎማ አንድ ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ሻጩ «ይገባል፣ ግፉት» አለ። ባለሙያችን እምቢ አለ። ረፋዱ ላይ ትክክለኛው ተገኘ። የኮሚቴው ብር በቃ፣ እንዲያውም ተረፈ። ደረሰኙንና መልሱን በፖስታ አሽገን፣ ከዕቃው ጋር ለዘጌው ባለ ጀልባ ሰጠነው። አገጣጠሙን ባለሙያችን በወረቀት ሥሎ፣ የትኛው ወደ ላይ የትኛው ወደ ታች እንደሚዞር በቀስት አመልክቷል።

ከሰዓት በኋላ ማኅበርተኞቹ ሐይቁ ዳር ተቀምጠን ተወያየን። የየካቲቱ ድግስ ተነሳ። ለከርሞም ይቅር፣ ግን በዚህኛው ጊዜ ገንዘቡ በሴቶቹ ምክር ይዋል ተባለ። ምን እንደሚሻላቸው እነሱ ይንገሩን። ወፍጮ ሩቅ ነው ያለችም ነበረች፤ ሽንት ቤት ይቅደም ያሉም ነበሩ። ኤክስቴንሽኗ ሰብስባ እንድትጠይቃቸው ደብዳቤ ጻፍንላት። ሙሴያችን በስልክ ሰምተው ተስማሙ።

ማታ ገንዘብ ያዧ ደወለች። ድምፁ ይቆራረጣል፤ ወንዶችም ሴቶችም ከኋላዋ ይጮኻሉ። ጎማው ገብቷል። መጀመሪያ የወጣው ድፍርስ ነው፣ እያጠራ ነው አለች። ደረሰኙንም ተቀብላለች፣ የተረፈው ብር ልክ ነው። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ያቺን ጎማ ሁለት ሌላ ላኩልኝ፣ በተረፈው ብር» አለች። «ይቺም ታልቃለችና ቤቴ ትቀመጥ።»

ነገ ከመሳፈራችን በፊት ሱቁ ሲከፈት እንገዛለን። ባለ ጀልባው 2 ሰዓት ላይ ይጠብቀናል።